ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ሰብ-ዶሜይንን ግን ማርኬቲንግ ክፍሉ

ነገሩ አንዲት መስመር ናት። የዶሜይናችሁ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ትገባላችሁ፣ «ሪከርድ ጨምር» የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ዓይነቱን «ሲኔም» ትላላችሁ፣ አንድ ስም ትጽፋላችሁ፣ ስሙ ወደየት እንደሚያመራ ትሞላላችሁ፣ ሴቭ ታደርጋላችሁ። በቃ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ የእናንተ ያልሆነ ኩባንያ፣ በእናንተ ስም፣ በእናንተ ዌብሳይት ላይ፣ የእናንተን ጎብኚ እየተከተለ ይመዘግባል። ብራውዘሩም «ይሄማ የቤቱ ልጅ ነው» ብሎ ያሳልፈዋል።

በሙያችን ቋንቋ ይሄ «ፈርስት ፓርቲ ትራኪንግ» ይባላል። የራስ፣ የቤት፣ የአንደኛ ወገን እንደማለት ነው። የማስታወቂያ መለኪያ አገልግሎት የሚሸጡ ኩባንያዎች መመሪያቸው ውስጥ «የራሳችሁን ዶሜይን አዘጋጁ» የሚል ክፍል አላቸው። ቃሉ ንጹሕ ነው፣ ደረጃዎቹ ግልጽ ናቸው፣ ሲያልቅ ደስ የሚል አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። እኔ የምለው ግን ይሄን ነው፦ በዚህ ስም ከሚሸጠው ነገር ብዙው ፈርስት ፓርቲ አይደለም። ስማችሁን የተዋሰ ሦስተኛ ወገን ነው። ስሙን የምናውሰው ደግሞ እኛ ዴቨሎፐሮች ነን።

ኩኪ ያለ ስም ምንም ነው

ዌብ ሲፈጠር ማስታወስ አይችልም ነበር። አንድ ገጽ ከፍታችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ ሰርቨሩ ያው እናንተ መሆናችሁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ባለሙያ መላ ዘየደ። ሰርቨሩ ለብራውዘሩ ትንሽ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ብራውዘሩም ተመልሶ በመጣ ቁጥር ያንኑ ጽሑፍ ያሳያል። ኩኪ የምንለው ይሄ ነው። ላውንደሪ ቤት ልብስ ስታስገቡ የሚሰጣችሁን ቁጥር አስቡት። ቁጥሩን ስታሳዩ ልብሳችሁ ይመጣል፤ ሰውዬው መልካችሁን ማስታወስ አይጠበቅበትም።

ይሄ አሠራር የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነው። ብራውዘሩ ኩኪውን የሚመልሰው ለሰጠው ስም ብቻ ነው። የአንዱን ላውንደሪ ቁጥር ለሌላው አያሳይም። ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ደግሞ በዶሜይኑ ስም ነው፤ ሌላ መለያ የለውም። የኩባንያ ምዝገባ አያይም፣ ንግድ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሰርቨሩ የማን ንብረት እንደሆነ አያጣራም። ስሙን ያያል፣ ስሙን ያምናል።

አንድ ገጽ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም። ጽሑፉ ከባለቤቱ ሰርቨር፣ ፎንቱ ከሌላ፣ ቪዲዮው ከሌላ፣ ማስታወቂያው ከሌላ ይመጣል። እነዚያ ሌሎቹም ኩኪ መስጠት ይችላሉ። አንድ ኩባንያ ዜና ላይም፣ ሱቅ ላይም፣ ስለ እርግዝና የሚጽፍ ገጽ ላይም አንዳንድ ቁራጭ ስክሪፕት ካስቀመጠ፣ አንዱን ቁጥር በሁሉም ቦታ ያነበዋል። ጠዋት ምን እንዳነበባችሁ፣ ከሰዓት ምን ልትገዙ እንደነበር፣ ማታ ምን እንዳስጨነቃችሁ በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የተጠላው በዚህ ነው።

ብራውዘሮቹ ዘግይተውም ቢሆን ነቁ። አፕል በ2017 ሳፋሪ ላይ መከታተልን የሚገድብ አሠራር ጀመረ፤ በመጋቢት 2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ጨርሶ ዘጋ። ፋየርፎክስ በ2019 የታወቁ ተከታታዮችን ማንም ሳይጠይቀው ማገድ ጀመረ። ጉግል ደግሞ በጥር 2020 «በሁለት ዓመት ውስጥ ክሮም ላይ አጠፋዋለሁ» ብሎ ቃል ገባ፣ አራዘመ፣ ደግሞ አራዘመ፣ በሐምሌ 2024 ሐሳቡን ተወው። በማስታወቂያ የሚኖር ድርጅት ብራውዘርም ሲሠራ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በሩ ሲዘጋ ታዲያ የማስታወቂያው ዓለም ምን አደረገ? መከተሉን አላቆመም። ስም ቀየረ።

ጅቡ ስም ሲቀይር

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የዘንድሮው ጅብ ግን በሚያውቁት አገር ነው የመጣው፤ ብራውዘሮቹ ስሙን ዝርዝር ውስጥ አስገብተው በር ላይ ለጥፈውታል። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ የቤቱን ስም ይዞ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። «ሱቅ.ኮም» የሚባል ዌብሳይት አላችሁ እንበል። ስክሪፕቱ ከተከታታዩ ኩባንያ አድራሻ ሲጫን ሳፋሪ ኩኪውን አይቀበልም፣ አድ-ብሎከሩም ይጥለዋል። ስለዚህ «ዳታ.ሱቅ.ኮም» የሚል ሰብ-ዶሜይን ትከፍታላችሁ። ዲ.ኤን.ኤስ ማለት ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም የስልክ ማውጫ ነው፤ ሲኔም ደግሞ በማውጫው ላይ «ይሄ ስም የዚያኛው ሌላ ስም ነው» የሚል ምዝገባ ነው። ብራውዘሩ «ዳታ.ሱቅ.ኮም» ብሎ ይደውላል፤ ስልኩን የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ሲኔም ራሱ ኃጢአት የለበትም። ሱቃችሁ በተከራያችሁት የመሸጫ ሲስተም ላይ ከሆነ፣ ምስሎቻችሁ ከሌላ ሰርቨር የሚመጡ ከሆነ፣ በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። እኔም እጠቀምበታለሁ። ጥያቄው የሚመጣው ስሙን የምንሰጥበት ምክንያት ላይ ነው። ምስል የሚያቀርበው ሰርቨር ስማችንን የሚይዘው እኛን ወክሎ ሊያገለግል ነው። ተከታታዩ ስማችንን የሚይዘው ግን በራሱ ስም ቢመጣ ስለማይገባ ነው። በራሱ ስም ቢገባ ኖሮ ማንም ይቺን መስመር ጻፉልኝ ብሎ አይለምንም ነበር።

በ2019 መጨረሻ ላይ የፈረንሳዩ ጋዜጣ ሊቤራሲዮን ዌብሳይት ይሄን ዘዴ እንደሚጠቀም ሰዎች ደረሱበት። ትርጉም የማይሰጥ ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት የጋዜጣው ሰብ-ዶሜይን፣ ስትከታተሉት መጨረሻው አንድ የማስታወቂያ መለኪያ ኩባንያ ነበር። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማገጃ በፋየርፎክስ ላይ ከስሙ ጀርባ ያለውን ስም እየጠየቀ ማገድ ጀመረ። ክሮም ለኤክስቴንሽኖች ያንን የመጠየቂያ መንገድ ስለማይሰጥ እዚያ ላይ አልተቻለም። በኅዳር 2020 ሳፋሪ በዚህ መንገድ የመጣን ኩኪ ዕድሜ ወደ ሰባት ቀን አሳጠረ። ሻጮቹ ወዲያው «እንግዲያው ሲኔም አትጠቀሙ፣ አድራሻውን በቀጥታ በቁጥር አስገቡ» አሉ። በ2023 ሳፋሪ የቁጥር አድራሻዎቹንም ማነጻጸር ጀመረ፤ የሰብ-ዶሜይኑ አድራሻ ከዋናው ዌብሳይት አድራሻ በጣም ከራቀ ያው ሰባት ቀን። ሻጮቹ ደግሞ «ሰብ-ዶሜይኑን ተዉትና በዋናው ዌብሳይት ሥር አንድ መንገድ ክፈቱልን» አሉ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ምንም ቴክኒክ ባታውቁ እንኳ ይሄ ታሪክ ምን ይነግራችኋል? እውነተኛ የቤተሰብ አባል በገባ ቁጥር ልብስ አይቀይርም።

ከኩኪው ጋር የሚወጣው ቁልፍ

«እሺ፣ ስም ተዋሰ። ምን ይጠበስ?» የሚል ይኖራል። የሚጠበስ ነገር አለ።

ብራውዘሩ ስም ያምናል ብያለሁ። ብዙ ዌብሳይቶች ኩኪያቸውን የሚሰጡት «ለሱቅ.ኮምና ከሥሩ ላሉት ሁሉ» ብለው ነው፤ ደንበኛው አንድ ጊዜ ሎግ-ኢን አድርጎ በሁሉም ሰብ-ዶሜይን እንዲታወቅ። «ዳታ.ሱቅ.ኮም» ከሥሩ አለ አይደል? እንግዲህ ብራውዘሩ ወደ ተከታታዩ በደወለ ቁጥር እነዚያን ኩኪዎችም አብሮ ይልካል። ማንም ሳያዘው፣ ደንቡ ስለሆነ ብቻ። ከኩኪዎቹ አንዱ የደንበኛው የሎግ-ኢን ኩኪ ሊሆን ይችላል። ያንን የያዘ ሰው ፓስወርድ አያስፈልገውም፤ ለሰርቨሩ እሱ ደንበኛው ነው። «ኩኪውን ስክሪፕት እንዳያነበው አድርገን ቆልፈነዋል» ብትሉ አይረዳችሁም። ያ ቁልፍ የሚከለክለው ገጹ ላይ ያለን ስክሪፕት ነው፤ እዚህ ግን ኩኪውን የሚያቀብለው ራሱ ብራውዘሩ ነው፣ በቀጥታ ለሰርቨሩ።

ይሄ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ2021 የታተመ፣ የቤልጂየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በሲኔም መከታተልን የሚጠቀሙ 7,797 ዌብሳይቶችን አይቶ በ7,377ቱ ላይ ሌላ ኩኪ አብሮ ወደ ተከታታዩ ሲሾልክ አግኝቷል። 95 በመቶ ማለት ነው። ከሾለከው ብዙው የሌሎች መለኪያ ኩባንያዎች ኩኪ ነበር፤ ግን ሙሉ ስም፣ ኢሜይል፣ የሎግ-ኢን ኩኪ ጭምር የወጣበት አለ። ባለቤቶቹ «ደንበኞቼን አሳልፌ ልስጥ» ብለው አልተነሡም። አንድ መስመር ጨመሩ፣ አረንጓዴ ምልክት አዩ፣ ሄዱ።

ሌላም አለ። ከኩባንያው ጋር ውላችሁ ሲያልቅ ስክሪፕቱን ታነሳላችሁ፤ ዲ.ኤን.ኤስ ላይ ያለችውን መስመር ግን ማን ያስታውሳታል? የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሯል። መስመሯ ባዶ ቦታ እያመለከተች ትቀራለች። ያንን ባዶ ቦታ ሌላ ሰው መከራየት ከቻለ፣ በእናንተ ስም የፈለገውን ገጽ ይከፍታል። የባንክ ማስመሰያም ይሁን የሽልማት ማጭበርበሪያ፣ ሊንኩ ላይ የሚታየው የእናንተ ስም ነው።

አይፎን የያዙት ደንበኞች

ይሄ የሩቅ አገር ጉዳይ የሚመስለው ካለ እንዲህ ያስበው። አዲስ አበባ ውስጥ ዌብሳይት ከሚያሠሩት ብዙዎቹ ደንበኛቸው ውጭ ያለው ወገን ነው። ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ የበዓል ስጦታ የሚያዝ፣ ዱባይ ሆና ለእህቷ ኬክ የምትልክ። እነዚህ ሰዎች ካርድ አላቸው፤ ብዙዎቹ አይፎን ይዘዋል፤ አይፎን ላይ ደግሞ ሳፋሪ አለ።

አንድ እንዲህ ያለ ሥራ መጥቶልኝ ነበር። የማርኬቲንግ ኃላፊው ሪፖርቱን ዘርግቶ «አይፎን የያዙት ደንበኞቻችን እየጠፉብን ነው፤ ከሳምንት በኋላ የተመለሰውን ሰው እንደ አዲስ ነው የሚቆጥረው» አለኝ። ትክክል ነበር። ሳፋሪ ከ2019 ጀምሮ ስክሪፕት የሚጽፈውን ኩኪ ከሰባት ቀን በላይ አያኖርም። ከዚያ የሻጩን መመሪያ ላከልኝ። «እህቴ፣ ይቺን አንድ መስመር ብቻ ጨምሪልን፤ አንቺንም አያደክምሽ።»

ዌብሳይቱን አየሁት። የደንበኞቹ ሎግ-ኢን ኩኪ ለሁሉም ሰብ-ዶሜይን ክፍት ነው። የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስልክ፣ የቤት አድራሻ ያለበት አካውንት ነው። ነገርኩት። «ኩባንያው እኮ ትልቅ ነው፣ ምን ይሰርቀናል ብለሽ ነው?» አለ። እኔ ስለ መስረቅ አልነበረም የማወራው። ደንበኛዋ ስጦታ ያዘዘችው ከሱቁ ነው፤ ቁልፏን የሰጠችው ለሱቁ ነው። ሱቁ ቁልፉን ቅጂ አስወጥቶ ለጎረቤት ሲሰጥ ጎረቤቱ ጨዋ ነው ማለት መልስ አይሆንም።

ሌላ አማራጭ ጽፌ ላክሁ፤ ምን እንደነበር እታች እነግራችኋለሁ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ሌላ ልጅ አግኝተናል፣ እናመሰግናለን።» ያ ሌላ ልጅ በአምስት ደቂቃ እንደጨረሰው አልጠራጠርም። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለእሱ ነው። ኃላፊው ሥራው ቁጥር ማሳደግ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤስ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እኛ ግን እናውቃለን።

እዚሁ አገር ያለነውስ? ብዙዎቻችን አንድሮይድ ይዘን በክሮም ነው የምንገባው፤ ክሮም የሦስተኛ ወገን ኩኪን በራሱ አይዘጋም፣ አንድሮይድ ላይ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ማለትም እኛን ለመከተል ስም መዋስ እንኳ አያስፈልግም፤ በሩ ክፍት ነው። ስለዚህ እዚህ ይሄ ዘዴ የሚያገለግለው ለማን ላይ ነው? «አትከተሉኝ» ያለችው ጥቂት ሰው ላይ። ፋየርፎክስ የጫነው፣ ማገጃ ያስገባችው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ያጠፋው። ለይተን የምንከተለው እምቢ ያለውን ነው።

«ግን እኮ...»

አውቃለሁ፣ መልስ አላችሁ። እኔም ሰምቼዋለሁ።

«ሳፋሪ ነው እንጂ ሰውየው እምቢ አላለም፤ ስልኩ ተሠርቶ ሲመጣ እንዲህ ነው።» እሺ። ግን አጥር ያለው ቤት የተከራየ ሰው፣ አጥሩን ራሱ አልሠራውም ተብሎ በአጥሩ አይዘለልበትም። ማጥፊያው ሴቲንግ ውስጥ አለ፤ አላጠፋውም።

«ማስታወቂያ የምንከፍለው በዶላር ነው፤ የሠራውንና ያልሠራውን ካልለየን እንዘጋለን።» ይሄኛው እውነተኛ ጭንቀት ነው፣ አላቃልለውም። ዶላር እዚህ አገር እንዴት እንደሚገኝ የማያውቅ የለም። ግን የሚያስፈልጋችሁን በደንብ ጠይቁ። የትኛው ማስታወቂያ ትዕዛዝ እንዳመጣ ማወቅ ነው ወይስ እያንዳንዱ ሰው ባለፈው ወር የት የት እንደዋለ ማወቅ? የመጀመሪያው ሰውን ሳይከተሉ ይገኛል። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሊንክ ላይ የተለየ መለያ ጽሑፍ ቀጥሉበት፤ ሰውየው ሲያዝ መለያውን ከትዕዛዙ ጋር መዝግቡት። ለእያንዳንዱ ዘመቻ የተለየ የቅናሽ ኮድ ስጡ። ክፍያ ሲጨርስ «ስለኛ ከየት ሰሙ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰው ይመልሳል እኮ። ጎብኚ መቁጠር ከፈለጋችሁ ማቶሞ ወይም ፕሎዚብል ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ያለ ኩኪም ይሠራሉ። ፈርስት ፓርቲ ማለት ይሄ ነው፦ መዝገቡም የእናንተ፣ ቤቱም የእናንተ፣ ቁልፉም እናንተ ጋ። ለኃላፊው የላክሁለት ይሄንኑ ነበር። ሪፖርቱ እንደ ሻጩ አያብረቀርቅም፤ ለሱቅ ግን ይበቃል።

«ሰርቨር-ሳይድ ይሻላል፤ መሀል ላይ ሆነን የሚላከውን ማጣራት እንችላለን።» ይሄን በከፊል እቀበላለሁ። ጉግል በ2020 ታግ ማኔጀርን በራሳችሁ ክላውድ ሰርቨር ላይ የምታስኬዱበትን መንገድ ከፍቷል፤ ሌሎቹም አላቸው። ብራውዘሩ ለእናንተ ሰርቨር ይናገራል፣ ሰርቨራችሁ ደግሞ ለጉግልም ለፌስቡክም ያስተላልፋል። መሀል ላይ የአይ.ፒ አድራሻን መቁረጥ፣ ኢሜይልን ማስቀረት ይቻላል። ይቻላል። የሚያደርገውን ማን ያየዋል? ድሮ ማንም ተማሪ የብራውዘሩን ዴቨሎፐር መስኮት ከፍቶ «ይሄ ገጽ ለእነ እገሌ እያወራ ነው» ማለት ይችል ነበር። አሁን የሚያየው ገጹ ከራሱ ጋር ሲያወራ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ወሬ ከመጋረጃ ጀርባ ገብቷል። ማጣራት የሚችል መሣሪያ ማለት መደበቅም የሚችል መሣሪያ ማለት ነው፤ ሻጩ ሲሸጠው ደግሞ የሚያጎላው «የጠፋባችሁን ዳታ መልሱ» የሚለውን ነው።

«እኔ ዴቨሎፐር ብቻ ነኝ፣ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው።» ኢንጂነሪንግ የተማርን ሰዎች ይሄን ስንል ይገርመኛል። ሲቪል የተማረው ጓደኛችን «ከዚህ ምሰሶ ላይ ጥቂት ብረት ቀንስ፣ ማንም አያየውም» ቢባልና ቢቀንስ፣ «ታዝዤ ነው» ማለቱን እንቀበለዋለን? የእኛ ምሰሶ ስለማይታይ ነው እንጂ ያው ምሰሶ ነው።

ሕጉ ስም አይጠይቅም

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ሲደነግግ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠቅሳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን እንዲህ ያሉ ሕጎች የሚነሡበት ጥያቄ ግልጽ ነው፦ መረጃው የማን ነው፣ ማን ይዞታል፣ ለምን፣ ባለመረጃው ያውቃል ወይ? ሰብ-ዶሜይኑ ምን ተብሎ ተሰየመ የሚል ጥያቄ የለም። አውሮፓም ቢሆን ሕጉ የሚጠይቀው የሰውየው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ነገር አስቀመጥክ፣ አነበብክ ወይ ብሎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2019፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይሆንም ሲል ወስኗል። ስም መቀየር ብራውዘርን ያታልል ይሆናል። ኃላፊነትን ግን ከማንም ላይ አያነሳም፤ እንዲያውም ያከብደዋል፣ ምክንያቱም ለደንበኛው የታየው ብቸኛ ስም የእናንተ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ

ማንም ከስተም ዶሜይን አይክፈት አልልም። ይሄን ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ግን ቢያንስ ይሄን አድርጉ። ሰውየው «እሺ» ከማለቱ በፊት አንዲት ጥያቄ እንኳ ወደዚያ ሰርቨር እንዳትሄድ። የሎግ-ኢን ኩኪያችሁን ለዋናው ስም ብቻ ዝጉት፣ ሰብ-ዶሜይኖች እንዳያገኙት። መለኪያውን ከደንበኞች አካውንት በተለየ ዶሜይን ላይ አስቀምጡት። የግላዊነት ገጻችሁ ላይ «ከአጋሮቻችን ጋር» በሚል ፈንታ የተቀባዮቹን ስም አንድ በአንድ ጻፉ፤ ሰብ-ዶሜይኑ የማን ሰርቨር እንደሆነም ጭምር። ውል ሲያልቅ መስመሯን ሰርዙ፤ የሚሰርዘው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ጻፉት። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አገልግሎቱ «እንግዲያው አይጠቅመንም» ካላችሁ፣ የፈለገው ስማችሁን ብቻ እንደነበር አወቃችሁ።

ዴቨሎፐር ያልሆናችሁ ደግሞ፣ ፋየርፎክስ አንድሮይድ ላይም ኤክስቴንሽን ይቀበላል፤ ዩብሎክ ኦሪጅን ይጫናል። በስተጀርባ ያለውን ስም እየገለጠ ያሳያችኋል። የምትወዱት ሱቅ ላይ የማታውቁት ስም ካያችሁ ጻፉላቸው፦ «ይሄ ሰብ-ዶሜይን የማን ነው?» በትሕትና፣ በአማርኛ፣ በአንድ መስመር። መልስ የማያገኝ ጥያቄ ሲደጋገም ስብሰባ ላይ ይነሣል፤ እኔ ብቻዬን ስል ያልተሰማው ደንበኛ ሲለው ይሰማል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ዌብ ላይ ግን መልአክ የለም፤ ስሙን የሚያወጣው ዲ.ኤን.ኤሱ ላይ የመግባት ፈቃድ ያለው ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ከመካከላችን አንዱ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ኢሜይል ሲደርሳችሁ፣ «ይቺን መስመር ብቻ» የሚለው፣ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሳችሁ ላኩ፦ «በራሱ ስም ለምን አይመጣም?» የሚመጣላችሁን መልስ አንብቡትና እጃችሁን ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ላይ አድርጉ።